አራት ምንጣፍ፣ ሁለት በር

ሳይራኩል ቢሽኬክ፣ ልጇ ቤት በመጣች በሦስተኛው ቀን የታሰሩትን አራት ምንጣፎች ፈታ አነጠፈች። አልቸኮለችም፤ አላዘነችምም። ባሏ ጁማሊ በሚያዝያ ከሞተ ወዲህ፣ እጆቿ ሲሠሩ የምታያቸው እንደ ሌላ ሰው እጅ ነበር። ለተዝካሩ በጎቹን ሲያርዱም፣ ልጇ ታላይ መጥቶ ከተራራው በመኪና ሲያወርዳትም እንደዚያው ነበር።

ቤቱ ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ ምድር ወለል ላይ ነው። ታላይ ከመግዛቱ በፊት አንድ ፀጉር አስተካካይ ይሠራበት ስለነበር፣ የውስጡ ግድግዳዎች በሙሉ ፈርሰዋል። የቀረው አንድ ሰፊ ክፍል፣ ጥግ ላይ የወጥ ቤት ቧንቧ፣ በአንድ ወገን ወደ ሕንፃው የውስጥ ደረጃ የሚያወጣ የቤቱ በር፣ ትይዩው ደግሞ ድሮ ደንበኞች የሚገቡበት የመንገዱ በር ነው። ከመንገዱ በር ውጭ ሦስት የብረት ደረጃዎች አሉ። በዚያ በር ግን የሚገባ የለም፤ ታላይ ለግድግዳ የሚሆን ስድስት የጂፕሰም ሰሌዳ ደግፎበታል።

ሰሌዳዎቹ የተገዙት ለእሷ ነው።

«የራስሽ ክፍል ይኖርሻል እኮ እማ» አላት ታላይ። «መሀል ላይ፣ በር ያለው።»

«መስኮትስ?»

«መስኮት እንኳን አይደርሰውም። ጥሩ መብራት አስገባልሻለሁ።»

«ሣጥን ነዋ።»

«ታዲያ እንዲህ ሜዳ ላይ ማን የት እንደሚተኛ፣ ማን የት እንደሚቀመጥ በምን ይለያል?»

«ምንጣፍ አለኝ» አለች ሳይራኩል።

ምራቷ ኑርዛት ከቧንቧው ሥር ሆና ሳቀች፤ ሳቋ ግን ክፉ አልነበረም። «እሁድ እናትና አባቴ ይመጣሉ። ማንም ሳይነግራቸው ቦታ ቦታቸውን ካወቁ ግድግዳው ይቅር። ምን ትላለህ?»

«እሺ» አለ ታላይ። «ካላወቁ ግን ሰኞ እጀምራለሁ።»

ሳይራኩል ዕድሜዋን የኖረችው ግድግዳ በሌለበት ነው። በበጋ በተራራው ከፍታ ላይ፣ በበግ ጠጉር ድንኳን ውስጥ ሰባት ሰው አብሮ ያድራል፤ ማንም የማንንም ቦታ አይረግጥም። በአሥራ ስምንት ዓመቷ ሙሽራ ሆና ስትገባ አማትዋ ያሳየቻት የምንጣፎቹን ጠርዝ ነበር። ሲገቡ በስተቀኝ የሴቶችና የምግብ ነው፤ በስተግራ የወንዶችና የኮርቻ፤ ከበሩ ትይዩ ያለው የክብር ቦታ ነው። የፈላ ማንቆርቆሪያ ይዛ እንኳ የባሏን አባት ምንጣፍ ጠርዝ ዞራ ትሄድ ነበር። በኋላ ምንጣፎቹን ራሷ መሥራት ጀመረች። ጠጉሩን በፈላ ውኃ እያራሰች ትጠቀጥቃለች፤ ቀይና ጥቁሩን ደርባ በአንድ ቢላ ትቆርጣለች፤ የአንዱን ቁራጭ በሌላው ጉድጓድ ገጥማ ትሰፋለች። አንድ ምንጣፍ አንድ ክረምት ይፈጃል። ጁማሊ ሠላሳ አንድ ዓመት የተቀመጠበት፣ በአንድ ጎኑ ሳስቶ ስፌቱ የሚታየው ምንጣፍ የስድስተኛው ክረምቷ ሥራ ነው።

ስታነጥፍ የጀመረችው ከቧንቧው ነው፤ ቧንቧ አይነቀልም። ከመንገዱ በር ሲገቡ ቧንቧው በቀኝ፣ በሴቶቹ በኩል ይውላል። ስለዚህ ያንን በር የቤቱ ዋና በር አድርጋ ቆጠረችው። የሴቶቹን በቀኝ፣ የወንዶቹን በግራ፣ የታላይንና የኑርዛትን መኝታ ከወንዶቹ ኋላ አነጠፈች። የጁማሊን ምንጣፍ ከመንገዱ በር ትይዩ ዘረጋችው። ድንኳናቸውም፣ የክረምት ቤታቸውም አንድ በር ብቻ ነበራቸው፤ ሁለተኛ በር አላሰበችም። በሚቀጥሉት ቀናት የኑርዛትን ጫማ ከጁማሊ ምንጣፍ ጠርዝ ላይ ደጋግማ አነሣች። ለምን እዚያ እንደሚገኝ ግን ራሷን አልጠየቀችም።

እሁድ በአምስት ሰዓት የደረጃው በር ተንኳኳ። ታላይ ከፈተ። የኑርዛት አባት አሳናሊ ነጭ ባርኔጣውን እንዳደረገ አንድ ጫማውን አወለቀ፤ ወደ ታች አየና ቆመ።

«ግባ እንጂ፣ ምን ገተረህ?» አለች ሚስቱ ቡሩል ከጀርባው። «ደረጃ ላይ ልታስረጀኝ ነው?»

«የት ልግባ? የክብር ቦታው እግሬ ሥር ነው።» ቀና ብሎ ሳይራኩልን ፈለጋት። «አማቼ፣ በድንኳኑ ጭስ መውጫ ነው እንዴ ያስገባችሁን?»

«ይርገጡት አባባ፣ ግድ የለም» አለ ታላይ፤ ፊቱ ቀልቷል። «ምንጣፍ ነው።»

«ለአንተ ምንጣፍ ነው።»

ሳይራኩል ጭልፋዋን እንደያዘች ቆማ ቀረች። አሁን ገባት። ጠርዙን አየች፤ በሩን አየች፤ ታላይ ሊሠራው ያሰበው መስኮት የሌለው ክፍልም ታያት። ምንም አልተሰማትም።

«ስቻለሁ» አለች። «በሩን የቆጠርኩት ከቧንቧው ነው።»

ሽማግሌው ባለ አንድ ጫማ እንደሆነ አንገቱን አስግጎ ቧንቧውን አየ፤ የሴቶቹን ወገን፣ የወንዶቹን ወገን፣ ከዚያም ማዶ የተደገፉትን ሰሌዳዎች።

«ከዚያ ኋላ በር አለ?»

«አለ» አለች ኑርዛት። «ጂፕሰም ተደግፎበታል እንጂ።»

«እንግዲያ እርስዎ አልሳቱም፤ ያልተከፈተው በሩ ነው። ታላይ፣ አንሣልን።» ጫማውን መልሶ አጠለቀ። «ቡሩል፣ ዞረን ነው የምንገባው።»

«በዚህ ጉልበቴ?»

«ሙሽራ ሳለሽ ለአባቴ ምንጣፍ ስትዞሪ አልደከመሽም።»

«ያኔ አንተን አላወቅሁህም ነበራ!» አለች፤ እያጉረመረመችም ዞረች።

ታላይና ኑርዛት ሰሌዳዎቹን አንድ በአንድ አውጥተው ከብረት ደረጃዎቹ አጠገብ ሣሩ ላይ ደረደሯቸው። ባልና ሚስቱ ሕንፃውን ዞረው በመንገዱ በር ገቡ። ቡሩል ምንም ሳትጠይቅ ወደ ቀኝ ታጠፈች። አሳናሊ የማንንም ጠርዝ ሳይነካ መሀሉን አልፎ የጁማሊ ምንጣፍ ላይ፣ ባልሳሳው ጎን ተቀመጠ።

ሳይራኩል ለክብር እንግዳ የሚሰጠውን የበግ ጭንቅላት በሳሕን አቀረበችለት። ሰው እዚያ ሲቀመጥ ሐዘኑ ይመጣብኛል ብላ ጠብቃ ነበር። አልመጣም። ሻዩ እየቀዘቀዘ ስለነበር ቀዳች።

ሥጋው ሳይጋመስ ዝናብ ጀመረ። ታላይ ቀና ብሎ በመስኮቱ ሰሌዳዎቹን አየ።

«ይበሰብሳሉ» አለች ኑርዛት።

ታላይ እናቱን አየ። ከሴቶቹ ምንጣፍ ላይ፣ ከመስኮቱ ሥር ተቀምጣ ዳቦ ትቆርሳለች። «ይበስብሱ» አለና ሥጋውን ወደ አማቱ ገፋ።

እንግዶቹ በመንገዱ በር ከወጡ በኋላ ሳይራኩል ከደረጃው በር ሥር የቤተሰቡን ጫማ ሰበሰበች። ሦስት ጥንድ ነው። ታቅፋው የምንጣፉን ጠርዝ ዞራ ሄደችና በመንገዱ በር ሥር ደረደረችው።