ገራዶ ላይ የተኛው ነጭ ደመና

በኅዳር ወር፣ ጤፋችን ታጭዶ ማሳ ላይ እንዳለ፣ ደሴ አጠገብ ካለው ገራዶ ተነስቼ ኮምቦልቻ ወረድሁ። የሄድሁት ለገበያ አይደለም፤ ስለ ሰማይ ልጠይቅ ነው። እኔ ከቁርአን ቤትና ከመሠረተ ትምህርት ሌላ የትምህርት ደጅ አልረገጥሁም፤ ስለዚህ ያየሁትን እንዳየሁት ነው የምጽፍላችሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማለዳ ብንነሣ አገሩ በጉም ታፍኗል፤ ነዶው ጤዛ ጠጥቶ ከብዷል። የሰፈራችን መምህር በስልኩ ከሳተላይት የተነሣ ሥዕል አሳየን። ገራዶና ደሴ ላይ ነጭ ደመና ተኝቷል። ጎረቤቴ ታደሰ ይህን ሲያይ፣ «ዝናብ መጣ! እርጥብም ቢሆን አሁኑኑ እንከምር» አለ። እርጥብ ነዶ ደግሞ ከተከመረ ውስጥ ውስጡን ይሻግታል። ብንተወውና ዝናብ ቢመታው ፍሬው እዚያው ማሳው ላይ ያጎነቁላል። የሁለታችንም የዓመት ቀለብ እሱው ነው።

«ታደሰ፣ እስከ አምስት ሰዓት ታገሠኝ። ኮምቦልቻ የአየር ጠባይ የሚያዩ ሰዎች አሉ፤ ጠይቄ ልደውልልህ» አልሁት።

«ሂድ እሺ! አንተ እስክትጠይቅ እኔ ጤፌን በጀልባ እለቅማለሁ» አለኝ።

ሐረጎን ስንወርድ

ደሴ ስደርስ መኪኖቹ በጠዋት መብራት አብርተው ይሄዳሉ። ፒያሳ ላይ ትኩስ ቦምቦሊኖ በሻይ ቀመስሁና የኮምቦልቻውን ሚኒባስ ያዝሁ። የሐረጎን ቁልቁለት ሾፌሩ ጥሩምባውን እየነፋ፣ በእግረኛ እርምጃ ነው የወረደው። ታች አንዱን መታጠፊያ ስንዞር ጉሙ በቢላ የተቆረጠ ይመስል ቀጥ ብሎ ቀረ። ፀሐይ! ከፊሉ ተሳፋሪ «ተመስገን»፣ ከፊላችን «አልሐምዱሊላህ» አልን። ሰዓቴን አየሁ፤ ሁለት ተኩል ነው።

ኮምቦልቻ የአየር ጠባይ ጣቢያው ቅጥር ውስጥ ነጭ ቀለም የተቀባ የሙቀት መለኪያ ሳጥን በአራት እግሩ ቆሟል። ባለሙያዋ ሰዓዳ የምትባል ወጣት ሴት ናት።

«አሰላሙ ዓለይኩም ልጄ። ከገራዶ ነኝ። ጤፌን ልከምር ወይስ ልተው?»

«ወዓለይኩም ሰላም አባባ» ብላ ሳቀች። «መጀመሪያ ይቀመጡ እንጂ!»

ሳተላይቷ እንደ ጭልፊት በላያችን እየዞረች እንደሆነ ጠየቅኋት።

«ከምድር ወገብ በላይ፣ እጅግ ሩቅ ናት። ከምድር ጋር እኩል ስለምትዞር ሁልጊዜ አንድ ቦታ የቆመች ትመስላለች። በየሩብ ሰዓቱ ታነሣናለች።»

ያረቢ! እኔ ቀና ብዬ የማላያት፣ እሷ ግን ዓይኗን ከእኛ አትነቅልም!

ሰዓዳ ሁለት ሥዕል ጎን ለጎን ከፈተች። «ይህ በፀሐይ ብርሃን የተነሣ ነው፤ እዚያ ላይ ሆነው ቢያዩ እንደሚያዩት። ጉምም ሆነ የዝናብ ደመና እዚህ ነጭ ነው። ይኼኛው ግን ሙቀትን ነው የሚያሳየው። የቀዘቀዘው ይነጣል፣ የሞቀው ይጠቁራል። ደመና ከፍ ባለ ቁጥር አናቱ ይቀዘቅዛል።»

በሁለተኛው ሥዕል ላይ የእኛ ነጭ የለም! በቦታው ከመሬቱ እምብዛም የማይለይ ግራጫ ነገር ብቻ።

«የት ሄደ?»

«አለ። ዝቅ ብሎ ስለተኛ አናቱ ከመሬቱ ብዙም አይቀዘቅዝም። የሚያስፈራው ይህ ነው» ብላ በደቡብ በኩል ያለ ሌላ ደመና አሳየችኝ። እሱ በሁለቱም ሥዕል ነጭ ነው፤ ወፍራምም ረጅምም ማለት ነው።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «አባባ፣ ሳተላይት ከጉሙ ሥር ያለውን አታይም። ያካፋል? ከጉሙ የወጡት የት ላይ ነው?»

እኔ ልጠይቅ ሄጄ ተጠያቂ ሆንሁ። ካፊያ እንደሌለው፣ የወጣንበትን መታጠፊያና ሰዓቱን ነገርኋት፤ ጻፈችው። የማለዳውን ሥዕሎች በተርታ አስኬደቻቸውና ጣቴን ከጉሙ ዳር አስቀመጠችልኝ። ዳሩ ከጣቴ ሥር ወደ ውስጥ ሸሸ!

«ጉም ከዳር ወደ መሐል ነው የሚበላው። ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ገራዶ ይገለጣል። የደቡቡ በዚህ አካሄዱ ነገ ከሰዓት ሳይደርስ አይቀርም። መንገዱን ሊቀይር ግን ይችላል፤ በእርግጠኝነት አልነግርዎትም። ብቻ አብሽሩ።»

ወዲያው ደወልሁ። «ታደሰ፣ እንዳትከምር! ጉም ነው። ፀሐይ ሲወጣ ነዶውን ገልብጡት፤ ሲደርቅ ዛሬውኑ ከምሩ። ዝናቡ የነገ ነው።»

«ማን ነገረህ?»

«ሳተላይት።»

«አማችህ ናት እንዴ እንዲህ የምትተማመንባት?» አለኝ። «ፀሐይ ካልወጣ ዓመቱን ሙሉ አንተ ቤት ነው የምበላ፤ እወቅ!»

ወደ ቤት

ስመለስ ሐረጎን ሽቅብ የወጣሁት በመስኮት ሰማይ ሰማዩን እያየሁ ነው። ሾላ የሚያህል ጉም አልቀረም። ገራዶ ስደርስ ታደሰ የጠራው ደቦ ማሳው ላይ ፈስሷል፤ ነዶው ተገልብጦ ይንኮሻኮሻል። ታደሰ ሸሚዙን አውልቆ፣ «የሰማይ እንግዳ መጣ! ና፣ መንሽህን ያዝ!» አለኝ። ከመግሪብ በፊት የእሱም የእኔም ክምር ቆመ።

በማግሥቱ ከዓስር ሶላት በኋላ ዝናቡ ወረደ። ታደሰ እየሮጠ መጥቶ ከእኔ ቤት ተጠለለ። ነጭ ሁሉ አንድ ይመስለን ነበር፤ ለካ ሁለት ሥዕል ማስተያየት፣ ከዚያም ከሥሩ ያለፈውን ሰው መጠየቅ ያስፈልጋል። ይህን ስነግረው ስልኬ ጮኸ። ሰዓዳ ስንሰነባበት ቁጥሬን ተቀብላኝ ነበር።

«አባባ፣ ከላይ ነጭ ብቻ ነው የሚታየኝ። ገራዶ ዘነበ?»

ስልኩን ዝናቡ ወደሚደበድበው የጣሪያ ቆርቆሮ ከፍ አድርጌ አሰማኋት።