በአባቴ ስም የተከፈተው ገጽ

ነጻ ነገር ደስ ይለኛል፤ ሁሌም ጉድ የሚያደርገኝ እሱ ነው። ሆሳዕና ከተማ ያለው ቤታችን የኢንተርኔት መስመር የገባለት ጊዜ፣ ከመስመሩ ጋር ለግል ድረ ገጽ የሚሆን ትንሽ ቦታ በነጻ እንደሚሰጥ ሰማሁ። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ የሚባለው ለእኔ ነው።

ሥራዬ የቤት ፕላን መንደፍ ነው። እዚህ የሚያሠራ ሰው ሁሉ የሚፈልገው አንድ ዓይነት ነው፤ ከፊት ሱቅ፣ ከኋላ ሰርቪስ። ሌላ ዓይነት ቤት መንደፍ አምሮኛል፤ ለዚያ ደግሞ አዲስ አበባ መሄድ አለብኝ። እናቴ ካረፈች ወዲህ ግን ከአባቴ ጋር የምኖረው እኔ ብቻ ነኝ። የመጀመሪያ ልጅ ነኝ፤ እህቶቼ አንጋጫና ዶዮገና ተድረዋል። እኔ ብሄድ ማን ይቀራል? ቤታችን ውስጥ ይህን ማንም አይጠይቅም፣ መልሱ ስለሚታወቅ።

እናም ንድፎቼን ድረ ገጽ ላይ አውጥቼ የሚጠራኝ ሰው ልጠብቅ አልኩ። መስመሩ የተመዘገበው በአባቴ ስም ስለነበር የገጹ አድራሻም በእሱ ስም ወጣ። መቀየር አይቻልም አሉኝ። ግርጌው ላይ በራሱ ጊዜ የሚወጣው ስልክም የቤታችን መደበኛ ስልክ ሆነ።

አባቴ ጡረታ የወጣ አስተማሪና የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው። ሦስት ንድፎች ጭኜ ሳሳየው መነጽሩን አድርጎ ብዙ አየና፣

«ሰላምታው የታለ?» አለኝ።

«የምን ሰላምታ?»

«ሰው ስሜን አንኳኩቶ ገብቷል። እንዴት ነህ ሳይባል፣ የማን ልጅ ነህ ሳይባል ግድግዳና ጣሪያ ይታያል እንዴ?»

እውነቱን ነው። በእኛ ዘንድ ሰው ቤት ገብቶ ጉዳዩን የሚያነሳው ስለ ልጆቹ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ እንሰቱና ስለ ዝናቡ ከተጠያየቀ በኋላ ነው። ስለዚህ እሱ በቋንቋችን በሀዲይሳ ይናገራል፣ እኔ በአማርኛ እጽፋለሁ፣ ከዚያ መልሼ አነብለታለሁ። ሰላምታው ከቅድመ አያት ተነስቶ እስከ እህቶቼ ባሎች ደረሰ። ነጻው ቦታ ጠባብ ነውና የእሱ ፎቶ እንዲገባ አንድ ንድፍ አወጣሁ። የእናቴ ፎቶ ሲመጣ ሌላ ወጣ። አንድ ንድፍ ቀረኝ፣ ከሁሉ በታች። ተናድጄ ነበር፤ ግን በሟች እናቱ ፎቶ ማን ይከራከራል?

አንድ ቀን ከሥራ ስገባ አባቴ ፊቱ በርቶ ጠበቀኝ።

«ከአዲስ አበባ ተደውሎልህ ነበር። ቤት የሚያሠሩ ናቸው፤ ሥራህን ወደውታል። ሰውየው ጨዋ ነው፣ ደህና አድርጎ ሰላም አለኝ።»

«ምን አለ?» አልኩት ቶሎ ብዬ።

«አዲስ አበባ መጥቶ ሊሠራልን ይችላል ወይ አለ። ልጄ የትም አይሄድም አልኩት። አንተ ና፣ ምሳ አብረን እንብላ አልኩት። ሳቀ።»

«ለምን እንዲህ ትለዋለህ አባዬ?» ድምፄ ከፍ አለ። ቤታችን ውስጥ በአባት ላይ ድምፅ ከፍ አይልም።

አልተቆጣም፤ ገርሞት ብቻ አየኝ። «እሱም ያውቅ ነበር እኮ። ገጹ ላይ አንብቤዋለሁ፣ ላረጋግጥ ብዬ ነው የደወልኩት አለ።»

አባቴ የሰውየውን ስልክ ቁጥር አልተቀበለም።

ኮምፒውተሩን ከፍቼ ሰላምታውን ከላይ ጀምሬ አነበብኩ። ከአያቶቹ በታች፣ ከእህቶቼ ባሎች በላይ እንዲህ ይላል፤ «የበኩር ልጄ ከእኔ ጋር ነው። እኔን ቀብሮ ቤቱን የሚይዝ እሱ ነው።» ሲነግረኝ የሰላምታ ወግ መስሎኝ ዝም ብዬ የጻፍኩት ነው። ላጠፋው ጣቴን አዘጋጀሁ።

አባቴ ወንበር ስቦ ከጎኔ ተቀመጠ። «እስቲ አንብብልኝ» አለ እንደ ወትሮው።

አነበብኩለት። ያችንም አልዘለልኳትም።