ለድስቱ የመጡት ሰዎች

የልጅ ልጄ ሰባተኛ ክፍል በገባችበት ዓመት ትምህርት ቤቱ አሠራሩን ለወጠ። ተማሪዎቹ በየመንፈቀ ዓመቱ አንድ ጥያቄ ይመርጣሉ፤ አራት አራት ሆነው በየሰፈሩ እየዞሩ ይጠይቃሉ፣ ይለካሉ፣ ይስላሉ፤ በመጨረሻም ወላጅ ተጠርቶ ያገኙትን ያሳያሉ። ፕሮጀክት ይሉታል። በእኛ ጊዜ የሚናገረው አስተማሪው ነበር፤ እኛ ሰሌዳው ላይ ያለውን እንገለብጣለን። ስለዚህ መጀመሪያ ነገሩን እንደ ጨዋታ ነው ያየሁት።

ሌሎቹ ቡድኖች ስለ ቆሻሻ፣ ስለ ቧንቧ ውሃ፣ ክረምት ሲገባ ሆጤ ሰፈር ውስጥ ጎርፍ ስለሚሰብረው መንገድ ያዙ። የእሷ ቡድን የያዘው “ሰፈራችን ውስጥ ሰው ሲሞት ማን ምን ይሠራል?” የሚለውን ነበር። ጥያቄውን ያመጣችው እሷ መሆኗን የሰማሁት ከጓደኛዋ ነው። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኋትም።

አባቷ የእኔ ልጅ ነው። ኮምቦልቻ ደረቅ ወደቡ አጠገብ ባለ መጋዘን ውስጥ ይሠራ ነበር። ጦርነቱ እኛ ዘንድ በደረሰ ሰሞን አንድ ጠዋት እንደ ወትሮው በሚኒባስ ወረደ፤ ከሰዓት በኋላ መንገዱ ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ አልተመለሰም። አየሁት የሚል አልመጣም፤ ቀበርኩት የሚልም አልመጣም። ልጅቷ ያኔ ሦስተኛ ክፍል ነበረች። እናቷ ዐረብ አገር ናት፤ ጁምዓ ጁምዓ ትደውልና “ወሬ አለ?” ትላለች። የለም እላታለሁ። ለልጅቷ ግን መልሴ ሁልጊዜ “ይመጣል፣ ኢንሻ አላህ” ነበር።

ሌላው አገር እድር የሚለውን እኛ ቅሬ እንለዋለን። እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ ነው። ሰው ሲሞት ጡሩምባ ያስነፋል፣ ድንኳን ይተክላል፣ መቃብር ያስቆፍራል፣ ለቀስተኛ ያበላል። ልጄ በመቃብር ቆፋሪዎች ተራ ውስጥ ነበር። እሱ ከቀረ በኋላ ስሙ ከመዝገቡ እንዳይወጣ፣ ተራው ሲደርስ እኔ እወጣ ጀመር። መቆፈር አልችልም፤ ለቆፋሪዎቹ ውሃና ቆሎ ይዤ እስከ መቃብሩ አጥር እሄዳለሁ፤ ሴት ነኝና ከዚያ አላልፍም። የቅሬው መሪ፣ እኛ ዳኛ የምንለው፣ ስሙን ሲጠራ “አለ” እላለሁ፤ እሱም ቀና ብሎ ሳያየኝ “አለ” ብሎ ይጽፋል። በዚህ ጉዳይ ሁለታችንም ሌላ ቃል ተነጋግረን አናውቅም።

ዳኛው ሹፌር ነው፤ በየቀኑ ሳይነጋ ወደ ኮምቦልቻ ይወርዳል። ልጆቹ እሱን ለማግኘት ብዙ ተመላለሱ። ቀልደኛ ሰው ነውና “ይቺ ልጅ እኔን ሽራ ዳኛ ልትሆን ነው” እያለ ለቅሬው ጸሐፊ ያማታል አሉ፤ ይህን እየሳቀች ነገረችኝ። እሱ ካወራላቸው ሁሉ የወደዱት የዕቃውን ነገር ነው። የቅሬው ድስቶችና የድንኳን እንጨቶች የሚቀመጡት እኛ ግቢ ባለችው የቆርቆሮ ክፍል ነው። በሯ ሁለት ቁልፍ አላት፤ አንዱ በዳኛው፣ አንዱ በጸሐፊው እጅ ነው፤ ሁለቱ ካልተገኙ አትከፈትም። ልጆቹ ዕቃውን ቆጥረው መሳል ፈለጉ፤ ዳኛው የሚመቸው ደግሞ ወደ ሥራ ሳይወርድ፣ በማለዳ ብቻ ነው። ልጅቷ በዋዜማው “ነገ ለፕሮጀክት በማለዳ እወጣለሁ” አለችኝ። የሚመጡት እኛው ቤት መሆኑን አልነገረችኝም፤ እኔም የት ብዬ አልጠየቅኋትም።

የንጋቱን ሱብሂ ሰግጄ መስገጃዬን እያጠፍኩ ነበር፤ ልጅቷ ቀድማ ወጥታለች። ውጭው ጭጋግ ነው። የግቢው በር ቀስ ብሎ ተንኳኳ። ስከፍት የቅሬው ዳኛ፣ ጸሐፊውና አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸውን ተከናንበው ቆመዋል። ጎረቤት እንዳይቀሰቅሱ ብለው ድምፃቸውን አላሰሙም። ልጆቹ ከኋላ ነበሩ፤ በጭጋጉ አልታዩኝም።

እኛ አገር ሽማግሌ በእንዲህ ያለ ሰዓት፣ እንዲህ ዝም ብሎ ደጅ የሚቆመው ለአንድ ነገር ነው። መርዶ የሚነገረው ሰው ከቤቱ ሳይወጣ፣ በማለዳ ነው። ለካ ያንን መንኳኳት አራት ዓመት ሙሉ ስጠብቀው ኖሬያለሁ። እነሱ አፋቸውን ሳይከፍቱ ጮኽኩ። የልጄን ስም ጠራሁ። ድምፄን እኔው አላወቅሁትም።

ዳኛው እጁን ዘርግቶ ወደ እኔ መጣ። “እትዬ፣ አይደለም። ወላሂ መርዶ አይደለም። ለድስቱ ነው የመጣነው” አለኝ።

ሰማሁት። ማቆም ግን አልቻልኩም።

ጎረቤቶቼ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ እያሰሩ ገቡ። አንዷ መቼ ነው፣ የት ነው ስትል ሌላዋ ደረቷን መምታት ጀምራለች። ዳኛው ከአንዷ ወደ ሌላዋ እየዞረ አይደለም፣ አይደለም ይላል። የሰማችው ያልሰማችውን ዝም ልታሰኝ ትሞክራለች። በመጨረሻ ሁሉም ሰሙ፤ ሰምታ የሄደች ግን አልነበረችም። ተቀመጡ። ለሌላው ሰው ለቅሶ ስንት ጊዜ ከእነሱ ጋር ተቀምጫለሁ፤ ለልጄ ግን አንድም ቀን አልተቀመጥንም ነበር። ኩታበር ያለችው እህቴ ከቀትር በፊት ወሬው ደርሷት ደወለች፤ መኪና ልትሳፈር ቆማለች። ሐሰት ነው፣ ተመለሺ አልኳት።

ድስቶቹን የዚያን ቀን ማንም አልቆጠራቸውም።

ልጅቷ ቀኑን ሙሉ ከጓዳ አልወጣችም። ሲመሻሽ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ጥፋቱ የእሷ እንደሆነ፣ እነማን እንደሚመጡ አስቀድማ መናገር እንደነበረባት ነገረችኝ። ምንም አይደለም አልኳት። ዞር ብላ አየችኝና፣

“እማ፣ ይመጣል ትዪኝ አልነበር?” አለች።

“አዎ።”

“ታዲያ ለምን እንደመጡ እንኳ ሳትጠይቂ ለምን አለቀስሽ?”

ትምህርት ቤት መጠየቅ ካስተማሯት ወዲህ የጠየቀችኝን ሁሉ እመልስ ነበር። የድሮ ቤቶችን፣ የቦዮቹን መሄጃ፣ ማን የት ይኖር እንደነበር ነው የምትጠይቀኝ። ይኼኛውን ግን መብራት ላብራ ብዬ በመነሳት አለፍኩት።

በቀጣዩ ሳምንት መጀመሪያ ዳኛው ሽማግሌዎቹን ይዞ መጣ። ያሁኑ አመጣጣቸው ፀሐይ ላይ ነው፤ ከሩቅ ድምፃቸውን እያሰሙ፣ አሰላሙ አለይኩም እያሉ። መጀመሪያ ይቅርታ ጠየቁኝ። ቀጥለው ሽማግሌው፣ ለቅሶው አንዴ ተጀምሯልና በወጉ ይፈጸም አሉ፤ ድንኳን ይተከል፣ ሦስት ቀን እንቀመጥ፣ ዱዓ ይደረግለት፣ ሰደቃው ይውጣ፣ የእኔም ሐዘን ይወጣልኛል። ክፉ አላሰቡም። ነገር ግን ድንኳን ከተተከለ ስሙ ከተራው ወጥቶ ወደ ሟቾቹ ገጽ እንደሚሻገር አውቃለሁ። እስከ ጁምዓ ጊዜ ስጡኝ አልኳቸው።

ልጆቹ ሥራቸውን ያሳዩት ሐሙስ ነው። ዴስኮቹ ከግድግዳው ተጠግተዋል። የእነሱ ጠረጴዛ ላይ ከአሮጌ ሻሽ የተሠራ ድንኳን፣ ከጭቃ የተሠሩ ትንንሽ ድስቶች አሉ። ከኋላው ትልቅ ወረቀት ተለጥፏል። በአንድ በኩል በሕመም የሞተ፣ ሕፃን ሆኖ የሞተ፣ ሩቅ አገር የሞተ እያለ ይወርዳል፤ በአንጻሩ ማን ይጠራል፣ ማን ይቆፍራል፣ ማን ያበስላል የሚለው በንጹሕ የእጅ ጽሑፍ ተሞልቷል። ከታች “የተሳሳትነው” በሚል ርእስ፣ በማለዳ ከቅሬ ዳኛ ጋር ሰው ቤት እንደማይኬድ አስቀድመው ማወቅ እንደነበረባቸው ጽፈዋል። የሰንጠረዡ የመጨረሻ መስመር “የት እንዳለ ያልታወቀ ሰው” ይላል። ከፊት ለፊቱ ያሉት ሳጥኖች ሁሉ ባዶ ናቸው።

አንድ የተማሪ አባት ቀልድ ፈልጎ፣ “እዚህ ስትደርሱ ደከማችሁ እንዴ?” አላቸው።

የመለሰችለት እሷ ናት። “አልደከመንም። ዳኛውን ጠየቅን፣ ሼኩን ጠየቅን፣ ቄሱን ጠየቅን፤ የነገሩን የተለያየ ነው። ቅሬው ደግሞ ለዚህ የተጻፈ ደንብ የለውም። መምህራችን ያላወቃችሁትን በግምት አትሙሉ ብሎናል።” ወደ እኔ አላየችም።

ልጆቹ ጠርተውት መጥቶ አጠገቤ የቆመው ዳኛ ወረቀቱን ለረጅም ጊዜ አየ።

ወደ ቤት ስንመለስ ዳገቱ መሐል ላይ ትንፋሼን ለመሰብሰብ ቆምኩ። “ይመጣል ያልኩሽ አውቄ አይደለም” አልኳት። “መሞቱንም አላውቅም።”

“አውቃለሁ” አለችኝና ቦርሳዬን ተቀበለችኝ።

ጁምዓ ዳኛው መልሴን ሊሰማ መጣ። ድንኳን እንዳይተከል ነገርኩት። ከእንግዲህ ግን ስሙ ሲጠራ “አለ” እንደማልል ጨምሬ ነገርኩት።

“እትዬ፣ መዝገቡ ላይ ያለው ወይ ‘አለ’ ነው ወይ ‘የለም’ ነው። ምን ልጻፍ?”

“ምንም አትጻፍ። ባዶውን ተወው።”

እሺ በሚል አንገቱን ነቅንቆ ሄደ። ማታ እናቷ ስትደውል ስልኩን ያነሳችው ልጅቷ ናት። ወሬ አለ ወይ ተብላ ስትጠየቅ፣ አላወቅንም ስትል ሰማኋት።

ከረመዳን በኋላ ሰፈራችን ውስጥ አንድ ሽማግሌ ሞቱ። የልጄ ተራ ነበር። ዳኛው ቆፋሪዎቹን ሰብስቦ ስም ጠራ። የልጄ ስም ላይ ሲደርስ ጠራውና ዝም አለ። ማንም አልመለሰም። እኔም አልመለስኩም። ብዕሩ ወረቀቱን ሳይነካ ወደሚቀጥለው ስም አለፈ።

ውሃውን ተሸክሜ ተከተልኳቸው። ልጅቷ ቆሎውን ይዛ ከጎኔ ነበረች። አጥሩ ጋ ስንደርስ ዕቃውን አቀበልናቸው። ሰዎቹ ገቡ፤ እኛ ከአጥሩ ወዲህ ቆመን የዶማውን ድምፅ ሰማን።