የሚፈለጉ ሰዎች ሰዓት

አመሻሽ ላይ ከጎረቤት ቤት የሬዲዮ ጣቢያ ሲፈለግ የሚሰማው ሺሺታ ጆሮዬ ሲደርስ፣ ትልቅ ሴት መሆኔን ረስቼ፣ ባደግሁባት አርብ ገበያ በአባቴ የልብስ ስፌት መኪና አጠገብ ተቀምጬ የሰው መርዶ የምጠብቅ ይመስለኛል።

ያኔ የምናዳምጠው ጣቢያ የከተማ ነጋዴዎች የከፈቱት ሬዲዮ ነበር፤ ለእኛ አገር የመጀመሪያው። ጧት የእህልና የከብት ዋጋ ይነግረን፣ ቀትር ላይ ዘፈን ያሰማን፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ደግሞ የሕዝብ ማስታወቂያ ያነብልን ነበር። መጀመሪያ የሚፈለጉ ሰዎች ስም ይጠራል፤ ከዚያ ዋሽንት ይገባና የሞቱት ይነገራሉ። በክረምት ጎርፍና ጭቃ መንገዱን ሲዘጉት፣ የስማዳውም የእስቴውም መርዶ የሚደርሰን በዚያ ዋሽንት ስለነበር፣ አባቴ ስፌቱን አቁሞ፣ እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ፣ ሁላችንም ትንፋሻችንን ውጠን እናዳምጥ ነበር።

መስቀል እንዳለፈ ታላቅ ወንድሜ ደሳለኝ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ወረደ። እኛ ዘንድ ገብሱ ታጭዶ ሲወቃ ጓደኞቹ ተመለሱ፣ እሱ ግን አልመጣም። ወባ እንደያዘው፣ ሐኪም ቤት ልሂድ ብሎ መንገድ ላይ እንደተለያቸው፣ መሬት መሬት እያዩ ነገሩን። አባቴ በማግስቱ ጣቢያው ወዳለበት ከተማ ሄዶ አስመዘገበው። ከሦስት ቀን በኋላ የወንድሜ ስም፣ የግራ ቅንድቡ ጠባሳ፣ አባቴ የሰፋለት አረንጓዴ ኮት ሳይቀር በማናውቃት ሴት ድምፅ ሲነበብ፣ እናቴ ተነሥታ ሬዲዮውን በሁለት እጇ ጥብቅ አድርጋ ያዘችው።

ከዚያ ወዲያ አንድ ፍርሃት ያዘኝ። ስሙ ከዋሽንቱ በፊት ተነቧል፤ አንድ ቀን ደግሞ ከዋሽንቱ በኋላ ይነበባል፤ ካልተነበበ ግን አይሞትም ብዬ አሰብኩ። ገና ባለፈ በሳምንቱ፣ ቤቱ ባዶ ሲሆንልኝ የባትሪ ድንጋዮቹን አውጥቼ ጭድ ውስጥ ቀበርኳቸው።

ያን ዕለት አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን አባቴ የሬዲዮውን ጀርባ ከፍቶ ባዶ መሆኑን አየ። ማን እንደነካው እየዞረ ጠየቀን። ብዙም ሳይቆይ ጎረቤታችን መሪጌታ እያለከለኩ ገቡ።

«ሙሉ፣ ልጅህ በሕይወት አለ» አሉት። «ጎንደር ሐኪም ቤት ተኝቷል። አሁን በሬዲዮ ተናገሩ፤ የእሱ የሆነ ሰው ቶሎ ይድረስ ብለዋል። አልሰማችሁም?»

እናቴ እንደቆመች ተዝለፍልፋ ወደቀች። እኔ ጭዱ ዘንድ ሄጄ ድንጋዮቹን አመጣኋቸው። መሪጌታ ባይሰሙ ኖሮ ወንድሜ ያለ ጠያቂ ሊቀር እንደነበር ገብቶኝ፣ ዱላውን እየጠበቅሁ አባቴ ፊት ቆምኩ። አባቴ ግን ጋቢውን ለብሶ ስንቅ ሳይጠብቅ ወጣ። እናቴ ከወደቀችበት እጄን ስባ አስቀመጠችኝና፣ «ጧት እኔም ላወጣቸው ነበር፤ እጄ ፈራ» አለችኝ።

ደሳለኝ ዐቢይ ጾም ሳይገባ በአባቴ ትከሻ ተደግፎ መጣ፤ ከስቶ፣ ከሕመሙ የተነሣ አንድ ጆሮው ደንቁሮ።

በቀጣዩ ክረምት ጣቢያው ያን ሰዓት አስቀረው። ነጋዴዎቹ ሸቀጣችን ከሬሳ ጋር አይጠራብን ብለዋል ተባለ። በምትኩ የዘፈን ምርጫና የኳስ ወሬ ገባ፤ የሰፈሩ ወጣቶችም ተደሰቱ። እናቴ ግን ዘፈኑ መሐል አንድ ስም እንዳያመልጣት የፈራች ይመስል፣ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ እስከ መጨረሻው ታዳምጥ ነበር።

ዛሬ ደሳለኝ እስቴ ውስጥ ወፍጮ ቤት አለው፤ በደኅናው ጆሮው እየሰማ ከእኔ ጋር በስልክ ይጫወታል። የእኔም ልጅ በተራው ከቤት ርቋል፤ ስልኬም ጧት ማታ ከየአገሩ የሞተና የጠፋ ሰው ወሬ ያመጣልኛል። ያኔ ፍርሃታችን ብርቱ ቢሆንም፣ ዝርዝሩ ሲያልቅ «ዛሬ የኛ የለበትም» ተባብለን፣ እጃችንን ታጥበን ለራት እንቀርብ ነበር። አሁን ግን ስልኩን ትራሴ ሥር አድርጌ እተኛለሁ፤ የዛሬው አበቃ የሚለኝ የለም።