በታደሰ አውድማ አጠገብ ሳልፍ የሚሸተኝ ነገር

ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ ጠዋት፣ ወደ ከላላ በሚወስደው መንገድ ላይ አዲሷን የኤሌክትሪክ ሞተር ሳይክሌን እየነዳሁ ሳለ አንድ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ... መጥፎ አልነበረም። ብቅል የተሰጣበት ደጅ ላይ የሚሸተውን ይመስላል።

ሞተሯን ልጆቼ ናቸው የሰጡኝ፣ ጡረታ በወጣሁ በዓመቱ። ቤንዚን የላት፣ ጭስ የላት፣ ድምፅ የላት። ከመካነ ሰላም ወጣ ብላ ያለችውን የባቄላ እርሻዬን ለማየት በየጠዋቱ እሄድባታለሁ።

አብሯት የመጣው መመሪያ «ያልተለመደ ሽታ ከሸተተዎ ወዲያው ቆመው ያጥፉ» ይላል። ቆምኩ፤ አጠፋሁ። የባትሪውን ክዳን ዳሰስኩት፣ ቀዝቃዛ ነው። ፍሬኑ ለብ ብሏል፣ ያ ደግሞ ቁልቁለት ስለወረድኩ ነው። ተነስቼ ትንሽ እንደሄድኩ ሽታው ጠፋ።

ረቡዕ እዚያው ቦታ ስደርስ ያው ሽታ መጣ... አሁን ትንሽ ትምባሆ ትምባሆ ይላል። ሰዓቱንና የነፋሱን አቅጣጫ ደብተሬ ላይ ጻፍኩ። ስመለስ ሞተሯን መካኒክ ዘንድ ወሰድኳት። ፈታትቶ አያትና ሳቀብኝ።

«ምንም የላት መምህር። አዲስ ዕቃ የገዛ ሰው ሁሉ መጀመሪያ መጀመሪያ ይሸተዋል።»

ሐሙስ ሞተሯን ቤት ትቼ ያንኑ መንገድ በእግሬ ሄድኩ። ካልሸተተኝ ጥፋቱ የሞተሯ ነው። ከሸተተኝ ግን...

ሸተተኝ።

ቀና ብዬ ሳይ ከመንገዱ በላይ ያለው የታደሰ አውድማ ነው። ታደሰ ስድስተኛ ክፍል ሳይንስ ያስተማርኩት ገበሬ ነው፤ ዛሬ የአምስት ልጆች አባት ሆኗል። አውድማው ላይ የቆመው የስንዴ ክምር ከራሱ እስከ እግሩ በሰማያዊ ሸራ ተጠቅልሎ ታስሯል። በአጨዳው ሰሞን ያልታሰበ ዝናብ ጥሎ እንደነበር ትዝ አለኝ። ዱሮ ይህን መንገድ የምመላለሰው በቤንዚን ሞተር ስለነበር ከራሷ ጭስ በቀር ምንም ሸቶኝ አያውቅም።

«ታደሰ፣ ይሄን ስንዴ እርጥቡን ነው የከመርከው?»

«እርጥበት ቢጤ ነበረው። አብሽሩ መምህር፣ ሸራ አልብሼዋለሁ። ጠብታ አይገባውም።»

«የገባውስ በየት በኩል ይውጣ?»

«ሞተሬ ሸተተች ብለው መካኒክ ዘንድ ውለዋል ሲሉ ሰምቻለሁ። ዛሬ ደግሞ ተራው የእኔ ክምር ነው?»

ባለቤቱ ብርቄ ከጓሮ ብቅ አለች። «እኔንም ሰሞኑን ይሸተኛል። ጎረቤት ጠላ የጠነሰሱ መስሎኝ ነበር» አለች።

ታደሰ ፈገግታውን ተወ። ወደ ምሥራቅ የጠቆረውን ደመና በእጁ አሳየኝ።

«ይዩት እስኪ። አፍርሼው ቢዘንብበት ልጆቼ ዓመቱን ሙሉ ምን ሊበሉ ነው?»

እርጥቡን የታፈነ እህል እያደር ከውስጥ ይሞቃል። ክምሩ እየጋለ ከሆነ እሳት ሳይነካው በራሱ ይቃጠላል። ካልጋለ ደግሞ በእኔ ምክር የፈረሰ ስንዴ ዝናብ ሊበላው ነው። ሽታ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

«ዲጂኖ አላችሁ?» አልኩ።

ብርቄ ረጅሙን የመቆፈሪያ ብረት አመጣች። ሸራውን ገለጥ አድርገን የክምሩ ሆድ ውስጥ እስከ ጫፉ ከተትነውና ግማሽ ሰዓት ያህል ተውነው። ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። ታደሰ ደመናውን ያያል፣ ብርቄ ታደሰን ታያለች፣ እኔ ሰዓቴን።

ሰዓቱ ሲደርስ ታደሰ ብረቱን ሳበውና ውስጥ የነበረውን ጫፍ ያዘው። ወዲያው ለቀቀው። ብርቄ በእጇ ጀርባ ነካ አድርጋ «ይሄማ ከምድጃ የወጣ ነው» አለች።

ታደሰ መዳፉን አገላብጦ አየ። «ጎረቤት ጥሪ» አላት።

ማንም ክምሩን ለማፍረስ መንሽ ከማንሳቱ በፊት ያለው ጀሪካን ሁሉ ውሃ ተሞልቶ ይምጣ አልኩ። የጋለ ክምር ሲከፈት ነፋስ ካገኘ ይነዳል። ከመጡት ጎረቤቶች ለአንዳንዶቹ ቀልድ መሰላቸው፤ ቢሆንም አመጡ። ክምሩ ከላይም ከጎንም ቢጫ ነው። መካከሉ ላይ ሲደርሱ ግን ቡናማ ሆነ፣ ከዚያ ጠቆረ፣ እንፋሎቱ ፊታችንን መታን። አንድ ቦታ ላይ ጭስ ሽው ሲል ብርቄ ሙሉውን ጀሪካን ደፋችበት። ከዚያ በኋላ የቀለደ ሰው የለም።

ደመናው ጥቂት ጠብታ ጥሎ ወደ ወግዲ አለፈ። የጠቆረውን ለብቻ፣ ቢጫውን ለብቻ አደረግነው። የጠቆረው ከአራት አንድ እጅ ቢሆን ነው።

ታደሰ ግን አልተረጋጋም። «መምህር፣ ለሚመጣው ዓመት ዘር ያሰብኩት ከዚሁ ነበር። የሞቀ እህል ይበቅላል?»

«በዓይን አይታወቅም» አልኩት። ከቢጫው መቶ ፍሬ፣ ከጠቆረው መቶ ፍሬ ቆጥሬ ወስጄ ቤቴ በእርጥብ ጨርቅ ጠቀለልኳቸው። ቅዳሜ መጥቶ ጠየቀኝ፤ አልደረሰም አልኩት። እሑድ ከቅዳሴ መልስ መጣ። ትናንትም መጣ... ጨርቁን ግለጡልኝ ብሎ ለመነኝ፤ እንቢ አልኩ።

ዛሬ ጠዋት ሁለቱም ባልና ሚስት ባሉበት ገለጥኩት። ከጠቆረው አንድም አልበቀለም። የቢጫውን ቆጠርኩ። ታደሰ አላመነኝም፣ እየነጠለ ሁለት ጊዜ ራሱ ቆጠረ። ብርቄ ሦስተኛ ሊጀምር ሲል እጁን ያዘችው።

ሰማንያ ስድስት። ለዘር ይበቃል፤ ጠቅጠቅ አድርገህ ዝራው ብዬ ሸኘሁት።

ከመቶ ሰማንያ ስድስት... ታደሰ በእኔ ክፍል ይህን ያህል አምጥቶ አያውቅም።