ሰባት ቀን ይሁን ያልኩት እኔ ነኝ

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ባለቤቴ አታውቀውም። የንስሐ አባቴ ፊት ስንት ጊዜ ቀርቤ፣ ስንቱን ጉድ ዘክዝኬ፣ እዚህች ላይ ስደርስ ዘልያት አልፌያለሁ። የቤተ ክርስቲያን ጾም አልነበረምና እሳቸውን አይመለከትም እያልኩ ራሴን ሳታልል ኖርኩ። አንባቢዬ፣ ዛሬ አንተ በእሳቸው ቦታ ተቀመጥልኝ። ብቻ እባክህ ቶሎ አትዘንልኝ።

ሞሪን የአየርላንዷ ቤልፋስት ሰው ነበረች። እዚህ አሜሪካ፣ ኮሎምበስ አጠገብ ባለችው ቤክስሊ ለብቻዋ ትኖራለች፤ ልጇ ኬት ነርስ ናት። እኛ ሐበሾቹ “እትዬ ሞሪን” እንላታለን፤ ትርጉሙን ብንነግራት በጣም ደስ ብሏት አሜሪካኖቹንም እንደዚያ ካልጠራችሁኝ ብላ አስቸገረቻቸው። ወጣት ሳለች ወንድሟ ታስሮ፣ እስር ቤት ውስጥ እህል አልቀምስም አለ። በሕይወት ቢወጣም ዓይኑ ደክሞ ቀረ። በዚያ ጭንቅ ሰሞን ለእናቷ ከማታውቀው አገር፣ ከማታውቀው ሰው አንድ ደብዳቤ ደረሳት። “ልጅሽን አልረሳነውም” ከማለት በቀር ሌላ ነገር አልነበረበትም። ሞሪን እንደምትለው፣ ዕድሜ ልኳን እስረኛ ጠያቂ ያደረጋት ያ ደብዳቤ ነው።

ማክሰኞ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ሳሎኗ ውስጥ እየተሰበሰብን በየአገሩ ለታሰሩ፣ መልካቸውን ለማናውቅ ሰዎች ደብዳቤ እንጽፍ ነበር። አቤት እነዚያ ማክሰኞዎች! ሻይዋ ጥቁር፣ ዘቢብ ያለበት ዳቦዋ ጥርስ የሚፈትን፣ እርጥብ ካፖርቶቻችን በማሞቂያው ላይ ተሰጥተው የበግ ሽታ ይሸታሉ። የአየርላንድ ጡረተኞች አሉ፣ አንድ ፍልስጥኤማዊ ባለሱቅ አለ፣ እኛ አለን። አርፍደን ስንገባ ሰዓቷን አንስታ ጆሮዋ ላይ ታደርገዋለች፣ ቆሞ እንደሆነ ለመስማት። በዲቪ መጥቼ በዚህ አገር ሰው የሆንኩ መስሎ የተሰማኝ ያን ጊዜ ነው። ከመጋዘን ሠራተኝነት ሌላ ለአንድ ነገር የምፈለግ ሆንኩ።

ወደዚያ ቤት የወሰዱኝ ጋሼ ታደሰ ናቸው፤ በስደተኝነት መጥተው ኮሎምበስ ውስጥ ያረጁ፣ ሁላችን የምናከብራቸው ሰው። ጋዜጠኛ የነበረው ታናሽ ወንድማቸው አገር ቤት ያለ ክስ ታሰረ። ወራት አለፉ። ደብዳቤው ሁሉ መልስ አጣ። ያኔ ሞሪን ስቴትሃውስ፣ የክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት ደጃፍ ተቀምጠን ውሃ ብቻ እየጠጣን እንጹም የሚል ሐሳብ አመጣች። ሦስት ቀን አለች። ሰባ አንድ ዓመቷ ነበር፤ አቅሟን አውቃ ነው ሦስት ያለችው።

እኔስ ምን አልኩ? ሳቅሁ። “እትዬ ሞሪን፣ ሦስት ቀንማ እኛ ዘንድ ጾም አይባልም” አልኩ። ሁዳዴን አወራሁ፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንኳ አንቀምስም አልኩ። አክፍሎትን አወራሁ፤ በስቅለት የጀመርን እስከ ትንሣኤ እህልም ውሃም አይገባም አልኩ። እኔ በዕድሜዬ ያከፈልኩት አንድ ጊዜ ብቻ እንደሆነ፣ እሱንም አብዛኛውን በእንቅልፍ እንዳሳለፍኩት አልተናገርኩም። “ሰባት ይሁን” አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት፤ ሌላ ማንም አላለም። ሞሪን አየችኝና “ስለሺ ከቻለ እኔም እችላለሁ” አለች።

ማክሰኞ ጀመርን። ታጣፊ ወንበሮች፣ ብርድ ልብሶች፣ የእስረኛው ትልቅ ፎቶ። እኔ ከንጋት እስከ ሰባት ሰዓት ካናል ዊንቸስተር ባለው መጋዘን እሠራና ወደ ዳውንታውን፣ ወደ ስቴትሃውሱ እበራለሁ። ጋሼ ታደሰ የስኳር ሕመም ስላለባቸው ሳይጾሙ አብረውን ይቀመጡ ነበር። “ስሌ፣ አሞኛል ብለህ ሲክ ዴይ ውሰድ እንጂ፤ በባዶ ሆድ ሺፍት ይሠራል እንዴ?” ብለውኛል። እንደ ጀግና ትከሻዬን ነቀነቅሁ።

በማግስቱ መጋዘኑ ውስጥ ያንዱ አለቃ ልደት ነበርና ማረፊያው ብሬክ ሩም ውስጥ ፒዛ ተደርድሯል። አንድ ቁራጭ በላሁ። ከዚያ ሦስት። ለዚያውም ረቡዕ፣ ለዚያውም የአሳማ ሥጋ ያለበት! በአንድ አፍ ሁለት ጾም ሻርኩ። አፌን ታጥቤ፣ ማስቲካ አኝኬ፣ በሰዓቴ ሞሪን አጠገብ ተቀመጥኩ። ስትጨብጠኝ እጇ በረዶ ነበር። ያን ቀን እዚያው ብናገር ምን ይደርስብኝ ነበር? ትንሽ ይሳቅብኝ ነበር፣ ሌላ ምንም። አልተናገርኩም። ሐሙስም በላሁ። ዓርብም ሩዝ በዶሮ በላሁ።

ዓርብ ከሰዓት ኬት ከነሥራ ልብሷ መጥታ ወደ ጎን ወሰደችኝ። የእናቷን የልብ ምት ለክታ ፊቷ ተለዋውጧል። “ስለሺ፣ እውነቱን ንገረኝ፣ አንተ እንዴት ነህ?” አለችኝ። “እማዬ አንተ ካላቆምክ አላቆምም ብላለች።”

አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር የሚያስፈልገው። “ደክሞኛል፣ ይብቃን” ብል ሁሉም ነገር እዚያ ያበቃ ነበር፤ ውሸት እንኳ ቢሆን ደግ ውሸት ነበር። ጋሼ ታደሰ በእንባ ዓይን እያዩኝ ነው። አንዲት ጋዜጠኛ ካሜራዋን ተሸክማ ትጠብቃለች። እኔም ኬትን “ደህና ነኝ፤ እኛ እንዲህ ያለውን ለምደነዋል” አልኳት። ኬት ወደ እናቷ ተመልሳ ነገረቻት። ሞሪን ፈገግ ብላ ብርድ ልብሷን ወደ ላይ ሳብ አደረገች።

እሑድ ከወንበሯ ልትነሳ ስትል ወደቀች። ልቧ ተዛባ፣ ኩላሊቷ ተጎዳ። ከሆስፒታል ስትወጣ በምርኩዝ ነበር፤ ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ደም በሚያጣራው ማሽንና በአልጋዋ መካከል ተመላለሰች። ሁለት ዓመት ኖረች። ቅዳሜ ቅዳሜ እሄድ ነበር። እኔ ዳቦውን እቆርጣለሁ፣ እሷ ደብዳቤ ታስጽፈኛለች። ለመጣ እንግዳ ሁሉ “ይህ ሰውዬ እኮ እኔ ከወደቅሁ በኋላም ሰባቱን ጨርሷል” ትላለች። እነዚያ ቅዳሜዎች ዛሬም ይናፍቁኛል፤ መናፈቄ ራሱ ያሳፍረኛል።

አንድ ቅዳሜ ስንስቅ ስንጫወት ቆይተን እንዲህ አለችኝ፦ “በአራተኛው ቀን ምን ብዬ እንደጸለይኩ ታውቃለህ? ‘ጌታዬ፣ እኔስ አፍሬ ማቆም አልቻልኩም፤ እባክህ ይህን ሰውዬ ትንሽ አስርበው’ ብዬ። አልሰማኝም!” ብላ እስኪያስላት ሳቀች። አብሬያት ሳቅሁ። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶልኝ ነበር፤ አብሬያት ሳቅሁ።

ከተቀበረች በኋላ የጋሼ ታደሰ ወንድም ተፈታ፤ ቆይቶም ኮሎምበስ መጣ። ኤርፖርት ሲያገኘኝ ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ አለ። ትከሻውን ይዤ ቀና አደረግሁትና “ኧረ እኔ ምን አደረግሁና!” አልኩት። እውነቴን ነበር። እሱ ትሕትና መሰለው።

አሁን ኬት የእናቷን የማክሰኞ የደብዳቤ ቤት እንደገና ልትከፍት ነው። ሰሞኑን ኮል አድርጋኝ፣ ለወጣቶቹ ስለ ሰባቱ ቀናት እንድናገር ለመነችኝ። እሺ አልኩ። የምናገረው ግን ይህን ነው፤ ለእሷም ከሁሉ በፊት ይህን ጽሑፍ በእጇ እሰጣታለሁ፣ ደጃፏ ላይ ቆሜ፣ እስክታነብበው ጠብቄ። ኬት፣ ነርስ ሆነሽ ጠየቅሽኝ፣ ልጅ ሆነሽ ጠየቅሽኝ። የእናትሽ ዕድሜ እኔ አፍ ላይ ነበር። ይቅርታሽን እፈልጋለሁ፤ ብትከለክዪኝ ግን አላዝንብሽም። ሰው ሲርበው ይዋሻል፤ የራበው ሰው ውሸት ይቅር ይባላል። እኔ አንቺን ስዋሽሽ ምሳዬን በልቼ ነበር።