ጆሮ የገባ ብርሃን

ሐይቅ ከተማ ፊዚክስ ሳስተምር አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። ብርሃንና ሙቀት አንድ አይደሉም እያልኩ ስንት ጠመኔ ጨርሻለሁ! እቤቴ ስገባ ግን የገዛ እናቴን ማሳመን አቃተኝ። አይ እኔ!

ጦርነቱ ከተማችን በገባ ሰሞን እህቴ እናታችን ቤት ወንድ ልጅ ተገላገለች። ባሏ ጅዳ ነው፤ ስልክ ተቋርጧል። በሦስተኛው ቀን የልጁ የዓይኑ ነጭ ቢጫ ሆነ፤ ከዚያ ፊቱ፣ ከዚያ ደረቱ። ጤና ጣቢያው ተዘግቷል፣ ባለሙያዎቹ ሸሽተዋል፣ የደሴ መንገድ አይታሰብም። መብራትም የለ። እንዲህ ያለውን ሕፃን ሐኪም ቤት፣ ቢጫውን እንዲፈታለት ሰማያዊ መብራት ሥር እንደሚያስተኙት አውቃለሁ። ሰማያዊው ብርሃን ፀሐይም ውስጥ አለ። ስለዚህ ልብሱን አውልቀን ጠዋት ጠዋት ፀሐይ እናሙቀው አልኩ።

"ሱብሃነላህ!" አለች እናቴ። "ስም ያልወጣለትን ልጅ ምች ልታስመታው ነው እንዴ?" እኛ ዘንድ አራስ ልጅ ሰባት ቀን ሳይሞላው ደጅ አይወጣም። "ሙቀት ከሆነ የፈለግከው፣ ይኸው!" ብላ ከነመጠቅለያው ፍም አጠገብ አስተኛችው።

ተናደድኩ። "እማ፣ ሙቀት አይደለም የምልሽ! ብርሃን የሚመጣው በቅንጣት በቅንጣት ነው። የፍሙ ቀይ ቅንጣት አቅሟ ትንሽ ነው፤ የፈለገ ብትበዛ ቢጫውን አትፈታውም። መቶ አጫጭር ሰው ቢሰለፍ ከላይ ያለውን ማንጎ ያወርዳል?"

"ምነው፣ አንዱ ሌላው ትከሻ ላይ አይወጣም?" አለችኝ።

ተማሪዎቼም ሁሌ የሚሳሳቱት እዚሁ ላይ ነው፤ ቅንጣት በቅንጣት ትከሻ ላይ አይወጣም። እህቴ ከተኛችበት ሳቀች። በዚያ ሳምንት የሳቀችው ያኔ ብቻ ነው።

በአራተኛው ቀን ለምኜ ለምኜ ግቢ አወጣሁት። ዓይኑን በጨርቅ ሸፍኜ ራቁቱን ጭኔ ላይ አስተኛሁት። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ በአምባሰል በኩል ከባድ መሣሪያ ማጓራት ጀመረ። እህቴ የአራስ ወገቧን ይዛ እየሮጠች መጣችና "ስጠኝ ልጄን!" ብላ ነጥቃኝ አስገባችው። በማግስቱም እንዲሁ። ምን ልበላት? ብርሃኑ ያለው ደጅ ነው፤ ሞቱም ያለው ደጅ ነው። መስኮቱ የእንጨት ነው፤ እኔ ስከፍት እናቴ ትዘጋለች። በስድስተኛው ቀን ጡት መሳብ ተወ። ጀርባው ወደ ኋላ ተለጠጠ፤ ልቅሶው የሕፃን ልቅሶ አልመስል አለኝ። እናቴ ዱዓ ታደርጋለች፣ እኔ ቆሜ አያለሁ። የተማርኩት ሁሉ ለአንድ ሕፃን ነፍስ አለመሆኑ አንገበገበኝ።

ተረፈ፣ አልሐምዱሊላህ። ግን ዓመት አልፎት፣ መንገዱም ተከፍቶ፣ ከኋላው ሳህን ቢወድቅ ዞር አይልም። ደሴ ወስደን አስመረመርነው። ሐኪሙ፣ ያ ቢጫው አንጎሉ ዘልቆ መስሚያውን ጎድቶታል አለን። ሐይቅ ስንገባ እህቴ ወደ እኔ ዞረች።

"ወንድምዓለም፣ ያኔ ያወጣኸው ጊዜ ነው አይደል? ብርሃኑ ጆሮው ገብቶ ነው ያደረቀው።"

ብርሃን እንደ ውሃ ጆሮ ውስጥ አይፈስም ልላት አፌን ከፈትኩ። አነሰበት እንጂ አልበዛበትም ልላት። ሰሌዳ ቢሰጠኝ ሥዕሉን ሁሉ እሠራላት ነበር። ግን አነሰበት ካልኳት ቀጥሎ የምትጠይቀው ታየኝ፤ ታዲያ ልጁን ከፀሐይ ነጥቆ ማን አስገባው?

"ይሆናል እህቴ" አልኳት። "አፉ በይኝ፣ ይቅር በይኝ።"

"አፉታውን አላህ ይስጥህ" አለችኝ። እሷ ግን እስከ ዛሬ አፉ አላለችኝም።